ማግኑስ ማክሲሙስ፦ ሮም የቀጣችው፣ ዌልስ ያልረሳችው

በሮም ታሪክ ዙፋን የነጠቁ የጦር አዛዦች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹን ዛሬ ከታሪክ ባለሙያ በቀር የሚያነሣቸው የለም። ማግኑስ ማክሲሙስ ግን የገዛው ለአምስት ዓመት ብቻ ሆኖ ሳለ ስሙ እስካሁን ይዘፈናል።

ማክሲሙስ የስፔን ተወላጅ ነው። በብሪታንያ የሰፈረውን ጦር ሲመራ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ383 ወታደሮቹ አነገሡት። ባሕር ተሻግሮ ወደ ጎል፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ፈረንሳይ ዘመተ። የንጉሠ ነገሥት ግራቲያን ጦር ጌታውን ከድቶ ወደ እሱ ዞረ፤ ግራቲያንም ሲሸሽ ሊዮን ላይ ተገደለ። የምሥራቁ ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ለጊዜው ዕውቅና ሰጠው።

በ385 ገደማ ማክሲሙስ መቀመጫው ባደረጋት በትሪር ከተማ የስፔኑን ጳጳስ ፕሪሲሊያንን አስገደለ። ክሱ ጥንቆላ ቢባልም የነገሩ ሥር የሃይማኖት ጠብ ነበር። የቱሩ ጳጳስ ቅዱስ ማርቲን ደም እንዳይፈስ ለምኖ ቃል አስገብቶት ነበር፤ ማርቲን ከከተማው ሲወጣ ቃሉ ታጠፈ። ለእኔ ይህ ከዙፋን ነጠቃው የከፋ ነው፤ ክርስቲያን ነገሥታት በእምነት ልዩነት ሰበብ ለሚያፈሱት ደም በር ከፍቷልና።

በ387 ጣሊያንን ወረረ። በማግስቱ ዓመት ቴዎዶስዮስ አሸነፈው፤ ማክሲሙስም አኩሌያ ላይ ተገደለ።

ለሮም ነገሩ እዚህ አበቃ፤ በብሪታንያ ግን ገና መጀመሩ ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው መነኩሴ ጊልዳስ፣ ወታደሩን ሁሉ ይዞ ሄዶ አገሪቱን ለወራሪ ያጋለጣት እሱ ነው ሲል ወቀሰው። ወቀሳው የተጋነነ ነው፤ የሮም አገዛዝ ከዚያ በኋላም ሃያ ዓመት ያህል ቆይቷል። የዌልስ ነገሥታት በበኩላቸው የዘር ሐረጋቸውን ከእሱ መዘዙ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የቆመው የኤሊሰግ ሐውልት በልጁ በኩል የነገሥታቱ ቅድመ አያት ያደርገዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሮማውያን ሲወጡ ሥልጣኑን በሕግ የተረከብነው እኛ ነን ለማለት ከእሱ የተሻለ ስም አልነበረም። የመካከለኛው ዘመን ተረትም ማክሰን ብሎ ሰይሞት፣ በሕልሙ ያያትን ቆንጆ ኤለንን ፍለጋ ከሮም እስከ ዌልስ አስጉዞታል።

በ1983፣ ልክ ከነገሠ በ1600 ዓመቱ፣ ዘፋኙ ዳቪዝ ኢዋን ስለ ዌልስ ሕዝብ ጽናት ባወጣው ዘፈን የማክሰንን ስም አነሣ። የዌልስ ቡድን ከ64 ዓመት በኋላ ለ2022 የዓለም ዋንጫ ሲበቃ ደጋፊው በስታዲየም ይዘምረው የነበረው ይህንኑ ዘፈን ነው።