የኦዲተሩ ወንበር

ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2025 (ዘመናቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅት የዩኤስኤአይዲ ዋና ኢንስፔክተር ፖል ማርቲን አንድ ማስጠንቀቂያ አወጡ። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታን ድንገት በማገዱና ሠራተኞችን በመቀነሱ፣ 489 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ምግብ በየወደቡ፣ በየመንገዱና በየመጋዘኑ ለብልሽት ተጋልጧል የሚል ነበር። በማግሥቱ ከሥራ ተሰናበቱ። ምክንያት አልተነገራቸውም።

ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ2023 ትግራይ ውስጥ የዕርዳታ እህል ገበያ ላይ ሲቸበቸብ በተገኘ ጊዜ ጉዳዩ የተመራው ወደዚሁ የኢንስፔክተር ቢሮ ነበር። ድርጅቱ በሜይ መጀመሪያ ለትግራይ፣ በጁን ደግሞ ለመላው ኢትዮጵያ የምግብ ዕርዳታውን አቆመ፤ ሙሉ በሙሉ የመለሰው ዲሴምበር ላይ ነው። የሰረቀው ሌላ፣ እነዚያን ወራት በባዶ ሆዱ የከፈለው ሌላ።

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉን መንግሥት ወጪ የሚመረምሩት ሁለት ወገን ናቸው። ሥራቸው ይመሳሰላል፤ የሚለያቸው የተቀመጡበት ወንበር ነው። አንደኞቹ፣ እንደ ማርቲን ያሉት፣ በየመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚሠሩ ዋና ኢንስፔክተሮች ናቸው። ሥራቸው ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ በ12 መሥሪያ ቤቶች ተጀመረ። ሪፖርታቸው ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊም ለኮንግሬስም ይደርሳል። የትልልቆቹን መሥሪያ ቤቶች ኢንስፔክተሮች ግን የሚሾመውም የሚሽረውም ፕሬዚዳንቱ ነው። ሬገን በ1981 ሥልጣን እንደያዙ የነበሩትን ሁሉ አሰናብተው በኋላ ጥቂቶቹን መለሱ። ትራምፕ በጃንዋሪ 2025 ወደ 17 የሚጠጉትን በአንድ ሌሊት አሰናበቱ። ሕጉ ከ30 ቀን አስቀድሞ ዝርዝር ምክንያት ለኮንግሬስ ይቅረብ ይላል፤ አልቀረበም። በሴፕቴምበር አንዲት የፌዴራል ዳኛ ስንብቱ ሕግ የጣሰ መሆኑን ቢወስኑም ወደ ሥራ አልመለሷቸውም። ቢመለሱ እንኳ ፕሬዚዳንቱ የ30 ቀን ማስታወቂያ ሰጥተው እንደገና ሊያሰናብቷቸው ይችላሉና።

ሁለተኛው ወንበር ጠንከር ያለ ነው። በ1921 የወጣው የበጀትና የሒሳብ ሕግ የሒሳብ ምርመራውን ከግምጃ ቤቱ አውጥቶ፣ ዛሬ የመንግሥት ተጠያቂነት መሥሪያ ቤት ለሚባለው ተቋም ሰጠው። የተቋሙ ኃላፊ፣ ዋና ተቆጣጣሪው፣ የሚሾመው ለ15 ዓመት ነው፤ ሁለተኛ ዘመን የለውም፤ ሊያነሣው የሚችለው ኮንግሬስ ብቻ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከ14 ሺሕ በላይ ሠራተኛ የክፍያ ሰነድ አንድ በአንድ ያገላብጥ ነበር፤ ያም ሆኖ ሳይታይ የተቆለለው ሰነድ 35 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ያኔ ነው ደረሰኝ መቁጠሩን ለየመሥሪያ ቤቱ ትተው፣ ገንዘቡ የወጣለት ሥራ ተሠርቷል ወይ ብለው ወደ መጠየቁ የዞሩት። ዛሬ ሠራተኞቹ 3,500 ገደማ ናቸው።

ነገር ግን ይህ ወንበር የራሱ ቅጣት አለበት። በ1985 ኮንግሬስ የበጀት ጉድለትን ለመቀነስ ባወጣው ሕግ፣ ምን ያህል ወጪ እንደሚቆረጥ የመወሰኑን ሥልጣን ለዋና ተቆጣጣሪው ሰጠ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዓመቱ ሻረው። ኮንግሬስ ሊያነሣው የሚችል ሰው የኮንግሬስ ሰው ነው፤ ሕግ ማስፈጸም አይችልም አለ። ፕሬዚዳንቱ እንዳይነኩት የተደረገበት ያው አንቀጽ፣ ማዘዣ እጁን አሠረው። የቀረው መጻፍ ነው።

መጻፉንማ ሁለቱም ወንበሮች ይጽፋሉ። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ከ2018 ጀምሮ በየዓመቱ አጠቃላይ ኦዲት ቢደረግም አንድም ጊዜ ንጹሕ አስተያየት አላገኘም። በ2024፣ ለሰባተኛ ጊዜ፣ ኦዲተሮቹ ከ4 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ባለው ተቋም ሒሳብ ላይ አስተያየት ለመስጠት አልቻልንም አሉ። የእኛን ዋና ኦዲተር ዓመታዊ ሪፖርት የሚከታተል አንባቢ ይህን አባባል ከነ«ያልተወራረደ ሒሳብ» ጭምር ያውቀዋል።

ቁጥሮቹንም በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል። በ2024 በጀት ዓመት አላግባብ ተከፈለ የተባለው ገንዘብ 162 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ፖለቲከኛው ይህን «ተዘረፈ» እያለ ያወራዋል። ከውስጡ ግን በስህተት የበዛ ክፍያ አለ፤ ሰነዱ ስላልተሟላ ብቻ የተመዘገበም አለ፤ ለባለመብቱ ያነሰ ክፍያ እንኳ እዚያው ይደመራል። ኦዲተሩ ለይቶ የጻፈውን መድረክ ላይ የሚወጣው ሰው አንድ ላይ ይጨፈልቀዋል፤ እንዲያውም ኢንስፔክተሮቹ የተባረሩት ስለ ብክነት ብዙ በሚወራበት ሰሞን ነው።

ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ዋና ተቆጣጣሪ የነበሩት ጂን ዶዳሮ በዲሴምበር 2025 የ15 ዓመት ዘመናቸውን ጨረሱ። ለተተኪው ዕጩዎችን የሚጠቁመው የኮንግሬስ መሪዎች ያሉበት ኮሚሽን ነው፤ መርጠው ለሴኔቱ የሚያቀርቡት ግን ፕሬዚዳንቱ ናቸው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 101ም ዋና ኦዲተሩን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሹመው ይላል፤ ስሙን ለምክር ቤቱ የሚያቀርቡት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው።