ኤብልና ካን

የአንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ድርሰት እስካሁን ያብሰለስለኛል። ጥር 23 እንጅባራ ላይ በሚከበረው የፈረሰኞች በዓል አባቱ መጋለቡን ይተርክና «ማይ ፋዘር ኩድ ዊን ዘ ሬስ» ብሎ ይዘጋል። ልጁ «አባቴ ማሸነፍ ቻለ» ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ አንባቢ ግን «ታዲያ አሸነፈ ወይስ አላሸነፈም?» ብሎ ይጠይቃል። «ዋዝ ኤብል ቱ ዊን» ቢል ኖሮ ድሉ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር።

«ኤብል ማለት ካን ማለት ነው» የሚለውን ትምህርት በክፍል ውስጥም ከክፍል ውጭም ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ሰልችቶኛል። ካንን አውጥታችሁ ኤብል ቱን አስገቡ የሚል መልመጃ ሰጥተን፣ ልጁ ሁለቱን እንደ አንድ ዕቃ ሲያያቸው እንገረማለን። ኤብል ቅጽል ነው፤ የእነ ረጅም፣ የእነ ብልህ ወገን። «ረጅም ነኝ» ውስጥ «ነኝ» እንደሚያስፈልግ ሁሉ ኤብልም ያለ ኤም፣ ያለ ኢዝ፣ ያለ ዋዝ አይቆምም። «አይ ኤብል ቱ ስፒክ» የሚለው ስሕተት የሚመጣው ቅጽሉን ግስ ነው ብለን ስላስተማርን ነው። «አይ ዊል ካን» የሚሉትም ካን ከዊል በኋላ እንደማይገባና ቦታውን «ቢ ኤብል ቱ» እንደሚይዝለት የነገራቸው ስለሌለ ነው።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ልዩነቱ በአማርኛችን መኖሩ ነው። «ልጅ ሳለ መጋለብ ይችል ነበር» ስንል የቆየ ችሎታውን እንናገራለን፤ ይህ ኩድ ነው። «ያን ዕለት ማሸነፍ ቻለ» ስንል ግን የሆነውን እንናገራለን፤ ይህ ዋዝ ኤብል ቱ ነው። ቤቱ አዊኛ የሚነገርበት፣ አማርኛን ትምህርት ቤት ያዳበረ ልጅ እንኳ ሁለቱን አያምታታም። ታዲያ በእጁ ያለውን ለምን እናስጥለዋለን? «ይችል ነበር ወይስ ቻለ?» ብሎ መጠየቅ ከአንድ ገጽ ሰዋስው ይበልጣል።

እርግጥ ጥያቄው የማይሠራበት ቦታ አለ። አሉታ ላይ ልዩነቱ ይጠፋል፤ «ማሸነፍ አልቻለም» ለማለት ኩድ ኖትም ዋዝ ኖት ኤብል ቱም ያስኬዳል። ማየትና መስማት ላይም ለአንድ ጊዜ ክንውን ኩድ ልክ ነው፦ «አይ ኩድ ሂር ዘ ሆርስስ» ያለ ልጅ የፈረሶቹን ድምፅ በእርግጥ ሰምቷልና ቀይ እስክሪብቶ አያስፈልገውም።