የጥይት ቀለህ በእሳት ስለሚለሰልስበት ምክንያት

ስለ ጥይት ቀለህ ለመጻፍ የተነሣሁት ጦርነትን ወድጄ አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በላስታ ባለፈ ጊዜ በየእርሻው ባዶ ቀለህ ተበትኖ ቀርቷል። በላሊበላ አንጥረኛ የሆኑት አጎቴ ከዚሁ ቀለህ የአንገት መስቀል ሲያወጡ ያየሁትን እነሆ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ አንዱን ቀለህ ራሴ ሰንጥቄ በመስፍ ላይ ቀጠቀጥሁት። ጥቂት እንደ ተዘረጋ ተተረተረ። አጎቴም ሥቀው፣ «እሳት ሳታሳየው ነዋ!» አሉኝ። ሁለተኛውን በከሰል አግለው፣ ደብዘዝ ያለ ቅላት ሲያሳይ ውኃ ውስጥ ጣሉት። እኔ ግን ባሰበት ብዬ ነበር፤ ማረሻ ግሎ ውኃ ሲነካ እንደሚጠነክር ሁላችን እናውቃለንና። ቀለሁ ለስልሶ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀለህ ነሐስ ከመቶው 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ ነው። በውስጡ ክሪስታል የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች አሉ፤ በመዶሻ ሲመቱ ይጣመማሉ፤ ነሐሱም ይደድራል። ከ400 እስከ 650 ዲግሪ ሲሞቅ በተጣመሙት ፈንታ አዳዲሶች ይበቅላሉ። ማረሻን የሚያጠነክረው በብረቱ ውስጥ ያለው ካርቦን በድንገት ሲቀዘቅዝ ተይዞ መቅረቱ ነው። በነሐስ ይህ የለም፤ ውኃው ለማቀዝቀዝ ብቻ ነው።

በዓድዋ ዘመን የወጅግራ ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበርና ቀለህ የሚናቅ ዕቃ አልነበረም። ቀለህ ሲተኮስ ይነፋል። ዳግም የሚሞሉት ሰዎች በብረት ቅርጽ ውስጥ ጨምቀው ወደ ልኩ ይመልሱታል። በዚህ መነፋትና መጨመቅ አንገቱ እየደደረ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ መቀመጫውን ውኃ ውስጥ አቁመው አንገቱን ብቻ ያሞቁታል። መቀመጫው ከለሰለሰ የባሩዱን ግፊት አይችልም፤ ጉዳቱም ለተኳሹ ነው።

አጎቴ ግን ከእሳት በፊት እያንዳንዱን አገላብጠው ያያሉ። እርሳስ ያለበትን፣ ወይም በመቀመጫው መካከል ያለችው እሳት ሰጪ ያልተመታችውን ከቶ አይነኩም። እንዲህ ያለ ጥይት ምድጃ ውስጥ ከገባ ይፈነዳል። የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፤ ከእርሻ ያነሣችሁትን ወደ ቤት ከማምጣታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ሁለተኛው ቀለህ ሦስት ጊዜ እየጋለ፣ እየተቀጠቀጠ መስቀል ሆነ። እኔ የተረተርሁት በማሞቅ አልተጋጠመም፤ ከሌላው ስብርባሪ ጋር እስኪቀልጥ ተቀምጧል።