አባ ሳሙኤልና ወራሾቹ

ከአዲስ አበባ መኻል ተነሥቶ በደብረ ዘይት መንገድ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ፣ አደይ አበባን አልፎ ሳሪስ በደረሰ ጊዜ፣ አገሪቱ በምን ኃይል እንደምትንቀሳቀስ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም፤ ከጅቡቲ ናፍታና ቤንዚን ጭነው የመጡት ቦቴዎች፣ ሲሚንቶና ብረት የተሸከሙት ባለ ተሳቢዎች፣ ጭሳቸውን እየለቀቁ ተሳፋሪ የሚያራግፉት ሚኒባሶች በግራና በቀኝ ሲጋፉ፣ በመኻላቸው በተዘረጋው ሐዲድ ላይ ደግሞ ከመስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚመላለሰው ቀላል ባቡር፣ ከራሱ በላይ ከተወጠረው የ750 ቮልት ሽቦ ኃይሉን እየሳበ፣ ያለ ጭስ ያልፋልና። ከባቡሮቹ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመው፣ የሚሠሩትም ሰው እንደ ማሽላ ተጠቅጥቆባቸው መሄዳቸው የሚያሳዝን ቢሆንም፣ ኃይሉ ግን ከባሕር ማዶ በዶላር የተገዛ አይደለም።

ነዳጅ በሌላ ኃይል ይተካ የሚለው ሐሳብ በአውሮፓና በእስያ በተነሣ ቁጥር፣ ክርክሩ የሚጀምረው ከኤሌክትሪክ ማመንጫው ነው፤ በእነዚያ አገሮች መብራቱም ፋብሪካውም ለብዙ ዘመን የኖረው በድንጋይ ከሰልና በጋዝ ነበርና። በእኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከኤሌክትሪካችን ከመቶ 90 እጅ የሚበልጠው ከወንዝ የሚገኝ ሲሆን፣ ከሳሪስ ጥቂት ወረድ ብሎ በቃሊቲ የተተከለው 14 ሜጋ ዋት የናፍታ ማመንጫ እንኳ፣ ውሃ ሲጎድል ለመጠባበቂያ ታስቦ የቆመ ነው። እንግዲህ የሳሪስ አምፖል ከነዳጅ ጋር ከተፋታ ዘመን አልፎታል፤ ከነዳጅ ያልተፋታው መንኰራኩሩ፣ ከማገዶ ያልተፋታው ምድጃው ነው። ስለ አማራጭ ኃይሎች የሚደረግ ንጽጽር ሁሉ ይህን ካልያዘ፣ የሌላ አገር ጥያቄ ተውሶ መመለስ ይሆናል።

የቀደሙት ሊቃውንት የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከውሃና ከነፋስ፣ ከእሳትና ከመሬት እንደ ተፈጠረ ያስተምሩ ነበር። ነዳጅን ይተኩ ዘንድ የታጩት ኃይሎችም እነዚሁ አራቱ መሆናቸው ያስገርማል፤ ነገር ግን በአገራችን መዓርጋቸው እኩል አይደለም። ውሃው በኵር ነው፤ ሦስቱም የሚከተሉት በሩቁ ነው።

የዚህ በኵር ታሪክ ለሳሪስ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ሰፈራችን በትልቁና በትንሹ አቃቂ መካከል የተቀመጠ ሲሆን፣ ሁለቱ ወንዞች ከተማይቱን በምሥራቅና በምዕራብ አቅፈው፣ እድፏን ሁሉ ተሸክመው፣ ከአቃቂ ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛሉ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ፍጻሜ ለመዲናይቱ ጥቃቅን ፋብሪካዎች ኃይል ይሰጥ ዘንድ የመጀመሪያው የውሃ ማመንጫ የተሠራው በዚሁ በአቃቂ ወንዝ ላይ ነበር፤ ከእርሱም ቀጥሎ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ፣ የአባ ሳሙኤል ግድብና ማመንጫ ተሠራ። የማመንጨት ዐቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ይህ ቍጥር ዛሬ ለሚሰማው ሰው ከንቱ ቢመስልም፣ አዲስ አበባ በዘመኑ የነበራት ትልቁ ብርሃን ከዚያ የፈለቀ ነበር።

የማመንጫው አሠራር ረቂቅ አይደለም። ግድቡ ክረምት ያመጣውን ውሃ ይይዛል፤ ውሃው በቦይና በወፍራም የብረት ቧንቧ ቍልቍል ሲላክ ክብደቱ ወደ ግፊት ይለወጣል፤ ግፊቱም ተርባይን የተባለውን ባለ ምላስ መንኰራኩር ያሽከረክራል፤ ከእርሱ ጋር በአንድ ዘንግ የተጋመደው ጄኔሬተር፣ በሽቦ ጥቅል ውስጥ ማግኔት እያዞረ ኤሌክትሪክ ያወጣል። ሕጉም አጭር ነው፦ 1 ሜትር ኩብ ውሃ በየሰከንዱ ከ100 ሜትር ከፍታ ቢወርድ፣ በመንገድ የሚባክነው ሳይቀነስ፣ 980 ኪሎ ዋት ያህል ይገኝበታል። ውሃው ቢያንስ ቁመቱን፣ ቁመቱ ቢያንስ ውሃውን መጨመር ግድ ነው፤ ሦስተኛ መንገድ የለም። ልኩን በቤታችን ዕቃ ለመመዘን ለሚወድ ሰው፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል የሚበላ ስለ ሆነ፣ አባ ሳሙኤል ሙሉ ኃይሉን አውጥቶ ቢሠራ በአንድ ጊዜ ሊያግል የሚችለው 1,900 የማይሞላ ምጣድ ነው። ለአንድ የበዓል ዋዜማ የሳሪስን ምጣዶች እንኳ የሚያዳርስ አይመስለኝም።

ማመንጫው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ቆመ። መኪናዎቹ አርጅተው ነበር፤ ይልቁንም ሐይቁ በደለል እየተሞላ የሚይዘው ውሃ አነሰ። የደጋው ዛፍ ሲመነጠር አፈሩ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ የፋብሪካው ዝቃጭና የሰፈሩ ፍሳሽ ይከተለዋል፤ ከዚያም በዚህ ሁሉ የሚሰባው እንቦጭ በውሃው ፊት ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ ይዘረጋል። በቻይና መንግሥት ርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ዳግመኛ ሥራ መጀመሩ የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም ተርባይኑን የማደስ ያህል ወንዙን ለማጥራት አልተደከመም። የውሃ ኃይል ንጹሕ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ ቃሊቲ ድልድይ ላይ ቆሞ የትንሹን አቃቂ ቀለምና ሽታ ያስተዋለ ሰው ግን ጭስ አልባ ነው ብሎ ቢወሰን ይሻለዋል።

ከዚህ ጋር አንድ የሚደነቅ ነገር አለ። ከአባ ሳሙኤል ተርባይን የወጣው ውሃ ሥራው አልተፈጸመም፤ አቃቂ ወደ አዋሽ ይገባልና፣ ያው ውሃ ከጦርነት ካሳ በተገኘ ገንዘብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. በተመረቀው በቆቃ ግድብ 43.2 ሜጋ ዋት የሚያመነጩትን መኪናዎች ያንቀሳቅሳል፤ ከቆቃም ወጥቶ በአዋሽ 2 እና በአዋሽ 3፣ በእያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ዐቅም ባላቸው ማመንጫዎች፣ ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ ያገለግላል፤ ከዚያም መስኖ ያጠጣል። አንድ ሊትር ናፍታ አንድ ጊዜ ተቃጥሎ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ውሃ ግን ከፍታ እስካለው ድረስ ደጋግሞ ያገለግላል።

የአባ ሳሙኤል ወራሾች ከአባታቸው እጅግ ገዝፈዋል። ጊቤ 3 ብቻውን 1,870 ሜጋ ዋት ነው፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት ደርሷል፤ በምጣድ ቢቈጠር 1 ሚሊዮን ከ400 ሺሕ ይበልጣል። ይሁን እንጂ ወራሾቹ ከሀብቱ ጋር የአባታቸውን ድካምም ወርሰዋል፤ ዝናም በዘገየ ጊዜ ሁሉም አብረው ይዳከማሉ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ውሃ በመጉደሉ መብራት በተራ ሲታደል፣ የሳሪስ እንጨት ቤቶችና ብየዳ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ደጅ አስቀምጠው መብራት የሚመጣበትን ሰዓት ሲጠባበቁ፣ ዐቅም የነበረው ጄኔሬተሩን አስነሥቶ ወደ ናፍታ ተመልሷል። ከዚህም የተነሣ አንድን የኃይል ምንጭ ለመመዘን ስንት ሜጋ ዋት ይሰጣል ብሎ መጠየቅ እንደማይበቃ፣ በየትኛው ወርና በየትኛው ሰዓት ይሰጣል ተብሎ መጠየቅ እንዳለበት አምናለሁ። ሌሎቹን ሦስቱን የምመዝናቸው በዚህ መስፈርት ነው።

ነፋስ በዚህ ሚዛን ከፍ ብሎ ይገኛል። ከሳሪስ ተነሥቶ ወደ አዳማ የሚሄድ ሰው ከተማይቱ ስትቃረብ በተራራው ጫፍ ላይ ተሰልፈው የሚያያቸው ነጫጭ ምሰሶዎች በሁለት ምዕራፍ የተሠሩ 136 ተርባይኖች ሲሆኑ፣ ዐቅማቸው በድምሩ 204 ሜጋ ዋት ነው፤ በመቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳም በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ሲመረቅ 84 ተርባይኖችና 120 ሜጋ ዋት ይዞ ነበር። ነፋስ ጠባዩ ክፉ ነው፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስም ኃይሉ ወደ ስምንተኛ እጁ ይወርዳል፤ ስለዚህ በእርሱ ብቻ የሚተማመን አገር ሌሊቱን በጨለማ የሚያድርበት ቀን አይታጣም። ነገር ግን በእኛ ደጋ ነፋሱ የሚበረታው በበጋ፣ ማለትም ወንዞች በሚሳሱበትና ሐይቆች በሚወርዱበት ወቅት ሲሆን፣ በሐምሌና በነሐሴ ነፋሱ ሲደክም ግድቦቹ ይሞላሉ። ከሜጋ ዋቱ ይልቅ ትልቁ ዋጋው ይህ ነው፤ ነፋስ በበጋ የሚሰጠው እያንዳንዱ ሰዓት፣ በግድብ ሊቀር የሚችል ውሃ ነው።

እሳት ስል ፀሐይን ማለቴ ነው። አሥራ ሦስት ወር ትወጣለች እየተባለ የምትመሰገነው ፀሐያችን በቀትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ እስከ 1,000 ዋት ትጥላለች፤ የተለመደው ሰሌዳ ግን ከዚህ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው አንድ አምስተኛውን ያህል ነው። ሽቦ ላልደረሰበት ገጠር ከላምባ ኩራዝ የሚያላቅቅ ታላቅ ጸጋ ናት፤ ለሳሪስ ግን የምትሰጥበት ሰዓትና እኛ የምንሻበት ሰዓት አይገጥምም፤ ሰዉ ከሥራ ተመልሶ አምፖሉንና ምድጃውን የሚከፍተው እርሷ ከጠለቀች በኋላ ነውና። ከሀብታም አገሮች የሚሰማው መድኃኒት ውድ ባትሪ ነው። እኛ ዘንድ ግን ግድቡ ራሱ እንደ ጎታ ያገለግላል፤ ቀን በፀሐይ እየተሠራ ተርባይኑ ቢያርፍ፣ ያልወረደው ውሃ ለማታ ይቀመጣል። ሰፊ የፀሐይ ማሳ ከግድቦቹ ጋር አጣምሮ ማሠራት እስከ ዛሬ ችላ መባሉን ለመረዳት ይቸግረኛል።

እሳት ሌላ፣ ጥቂት አሳዛኝ መልክም አለው። በረጲ፣ በቆሼ የቆሻሻ መጣያ አጠገብ፣ የከተማውን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያወጣው ፋብሪካ የተከፈተው በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሲሆን፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ነፍሳት ከጠፉ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነበር። ፋብሪካው እንደ ኃይል ምንጭ ትንሽ ነው፤ ብዙ ሊቈጠርለት የሚገባው እንደ ጽዳት ሥራ ይመስለኛል።

መሬት፣ ማለት የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር እንፋሎት፣ ብዙ ተስፋና ጥቂት ፍሬ ያለው ነው። በአሉቶ ላንጋኖ ከ300 ዲግሪ በላይ የሚግል ጥልቅ ጕድጓድ ተቈፍሮ 7.3 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ መኪና ቢተከልበትም፣ በብልሽት እየቆመ እየተነሣ ከአባ ሳሙኤል እምብዛም ሳይበልጥ ቀርቷል። ዝናምና ነፋስን የማይጠብቅ፣ ሌሊትና ቀን አንድ የሆነ ኃይል እርሱ ብቻ ስለ ሆነ፣ በሚዛኔ መሠረት ቀዳሚ መሆን ይገባው ነበር፤ ቍፋሮው ግን ውድ ነው፤ ጕድጓዱም እንፋሎት ሳይሰጥ ሊቀር ይችላል።

አሁን ከነዳጅ ወዳልተፋታው መንኰራኩር እንመለስ። አንድ ሊትር ናፍታ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ቢኖረውም፣ ሞተሩ ወደ ጎማው የሚያደርሰው ከሦስት አንዱን ሲሆን፣ የቀረው በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ይባክናል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ይህንኑ ሥራ በ4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጽማል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በሳሪስ መንገድ ድምፅ የሌላቸው መኪናዎች በርክተዋል፤ ዕድሜውን በካርቡራተርና በኖዝል የፈጀ መካኒክ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ የሚነካው ሲያጣ ማየትም የተለመደ ሆኗል። ለከባድ መኪና ግን ነገሩ ይጠናል፤ በአንድ ኪሎ ናፍታ ውስጥ ያለው ኃይል በአንድ ኪሎ ባትሪ ውስጥ ካለው 50 እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ፣ ባለ ተሳቢው የራሱን ባትሪ ተሸክሞ ለጭነቱ የሚቀረው ቦታ ያንሳል።

ምድጃው ከሁሉ የዘገየው ነው። አገሪቱ ከምትጠቀምበት ኃይል ሁሉ እጅግ የሚበዛው ዛሬም እንጨት፣ ከሰልና ኩበት ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት የሳሪስ እመቤት እንኳ፣ መብራት ሲሄድ ሊጡ እንዳይበላሽባት ጥቂት ጭራሮና የከሰል ምድጃ በጓሮ ሳታኖር አትቀርም። ይህን የሚያስቀረው አዲስ ግድብ ብቻ አይመስለኝም፤ የማይቃጠል ትራንስፎርመርና የማይጠፋ ፌዝም ያስፈልጋል። 5,150 ሜጋ ዋት በሕዳሴ ግድብ ቢመነጭ፣ በሰፈሩ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለው ሣጥን ካልቻለው ለጋጋሪዋ ምኗም አይደለም።

ወደ ከባድ መኪናው ጭነት ስመለስ ደግሞ፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር፣ ባትሪ ሳይሸከም ከሽቦ እየተመገበ ስለሚሄድ፣ የባለ ተሳቢውን ችግር ከሥሩ ይፈታል፤ ጅቡቲ ላይ የተጫነው ኮንቴይነር ከአቃቂ አለፍ ብሎ እንዶዴ እስኪራገፍ ድረስ ጠብታ ናፍታ ላይነካ ይችላል። ከእንዶዴ እስከ ሳሪስና ቃሊቲ መጋዘኖች ያለውን አጭር መንገድ ግን አሁንም የሚሸፍነው ባለ ናፍታው መኪና ነው፤ ባለ ባትሪ ከባድ መኪና ሊገባበት የሚገባው የመጀመሪያው ቦታም፣ ርቀቱ አጭር፣ መመለሻው ቅርብ፣ የኃይል ማከፋፈያውም አጠገቡ ስለ ሆነ፣ ይኸው ይመስለኛል።