የማሾ ነጋዴው የዱቤ መዝገብ የት ይቀመጥ?

ማጀቴ ላይ ማሾና ማሽላ በዱቤ የሚሸጥ ነጋዴ ሒሳቡን ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር ቢያዛውርም፣ ቅጂው እዚያው ሱቅ ውስጥ ከሆነ ጥቅሙ እምብዛም ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ማጀቴና ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ለአደጋ የተጋለጠው የመጋዘን እህል ብቻ አልነበረም፤ ማን ስንት ዕዳ እንዳለበት የሚያሳየው ማስረጃም ጭምር እንጂ።

በነጻ የሚገኘው ሲንክቲንግ የተባለው ፕሮግራም የማጀቴውን ፋይል ደብረ ብርሃን ካለ ዘመድ ኮምፒዩተር ጋር ያመሳስላል። ሁለቱም ኮምፒዩተሮች በአንድ ጊዜ መብራትና ኢንተርኔት ይፈልጋሉ፤ ይህ ለቆላው ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ከዚህ የሚብሰው ግን ፕሮግራሙ ስህተትንም አብሮ ማመሳሰሉ ነው። ሒሳብ ያዡ ሳያውቅ የሰረዘው የዱቤ ሰንጠረዥ ደብረ ብርሃንም ላይ ይሰረዛል። ስለዚህ የቀድሞ ቅጂዎችን የሚያስቀረው አማራጭ በተቀባዩ ኮምፒዩተር ላይ መከፈት አለበት፤ ፕሮግራሙ ሲጫን ዝግ ነው። በየሳምንቱም በፍላሽ ቀድቶ፣ ፍላሹን ነቅሎ ከሱቁ ውጭ ማስቀመጥ ያዋጣል።