ዶቅዶቄ አልነሣም ስትል

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ደጋማ ስፍራ የተቆረቆረችው ነቀምቴና ከእርሷ ወዲያ ያሉት የወለጋ ከተሞች፣ ጊምቢ፣ ነጆ፣ መንዲና ደምቢ ዶሎ፣ በዋናው መንገድ እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ። ነገር ግን ቡናው የሚለቀምበት፣ ክትባቱ የሚደርስበትና የግብርና ባለሙያው የሚመላለስበት ቀበሌ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ በቀይ አፈር ጎዳና የሚደረስ በመሆኑ፣ ሕዝቡ ዶቅዶቄ የሚላት ሞተር ሳይክል ለብዙ ሰው የኑሮ ረዳት ሆናለች። ይህችን ረዳት ለመንዳት የሚማር ሰው ሁሉ ግን አስቀድሞ የሚፈተነው በማስነሣቱ ነው፤ ፈተናውም የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በአደባባይ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት በገበያ ዳር ነው።

ጉዳዩን ጨርሶ ሲመለስ ሞተሯ እምቢ ያለችበት ሰው ቁልፉን ያዞራል፣ መርገጫውን ደጋግሞ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል፤ ተመልካቹ በበዛ ቁጥርም ሐፍረት ስለሚያስጨንቀው እግሩን ያበረታል እንጂ ምክንያቱን አይመረምርም። እኔ ግን ነገሩን ባስተዋልሁ መጠን የተረዳሁት፣ እምቢ ከሚሉት ሞተሮች ብዙዎቹ ሕመም የሌለባቸው መሆኑንና የተዘጋ አንድ ትንሽ መንገድ እስኪከፈትላቸው ብቻ የሚጠብቁ መሆኑን ነው። ያንንም መንገድ ለማግኘት የሚጠይቀው ጊዜ ለሐፍረቱ ከሚባክነው እጅግ ያንሳል።

ሊቃውንቱ ከሚቈጥሯቸው ከአራቱ ባሕርያት መካከል ለዚህች መሣሪያ ዋነኞቹ ነፋስና እሳት ናቸው፤ በእነርሱ ላይ የሚጨመረው ሦስተኛው ነገር ቤንዚን ነው። ቤንዚኑ ከሰልባትዮው ወርዶ በካርቡሬተር ውስጥ ከነፋስ ጋር ተዋሕዶ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ፒስተኑ ይጨምቀዋል፤ ካንዴላውም በብልጭታ ይለኩሰዋል። ጎትሊብ ዳይምለርና ባልደረባው ቪልሄልም ማይባህ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. በጀርመን አገር የመጀመሪያዋን ባለ ቤንዚን ሞተር ሳይክል ሲሠሩ፣ ኃይሏ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያህል ብቻ ነበረ፤ እሳቷም የሚገኘው በነበልባል ከሚሞቅ ቱቦ ስለ ነበር፣ ቱቦው እስኪግል ድረስ በትዕግሥት መጠበቅ የነጂው ግዴታ ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ድካም በአንዲት የካንዴላ ብልጭታ ተተክቶአል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አልተሻረም። ከሦስቱ አንዱ ከጐደለ ሁለቱ ምሉዓን ቢሆኑም ሥራ አይሠሩም፤ ሠሪዎቹም በእያንዳንዱ መንገድ ላይ መዝጊያ ስላኖሩበት፣ የሰው ስሕተት የሚያድረው በነዚሁ መዝጊያዎች ላይ ነው።

የእሳቱን መንገድ የሚዘጋው በቀኝ እጅ በኩል፣ ከነዳጅ መስጫው እጀታ አጠገብ ያለው ቀዩ ማጥፊያ ነው። የተሠራበት ምክንያት የተቀደሰ ነው፤ ነጂው ቢወድቅ ወይም የነዳጅ መስጫው አልመለስ ቢል፣ እጁን ከመያዣው ሳያነሣ በአውራ ጣቱ ብቻ እሳቱን ያጠፋ ዘንድ ነው። ነገር ግን ሞተሯ በቆመችበት ሕፃናት ሊነካኩት፣ የጋቢ ጫፍም ሊያንሸራትተው ይችላል፤ ባለቤቱ ሲመለስም በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ መብራቱ ይበራል፣ ጥሩንባውም ይጮኻል፤ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ደኅና ነው ብሎ ያምንና ጥፋቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ካንዴላ ፈትተው ያጸዱ፣ ሞተሯን እየገፉ እስከ ጋራዥ ያደረሱ ሰዎች፣ በመጨረሻ አንድ ሊስትሮ ልጅ «ኦቦ፣ እስቲ ቀይዋን ይመልከቷት» ሲላቸው ምን ያህል እንደሚደነግጡ መገመት አያዳግትም። ለልጁ ምስጋና ይገባዋል እንጂ ቍጣ አይገባውም፤ የማያፍር ዓይን ካፈረ ዓይን ይልቅ ያያልና።

የቤንዚኑ መንገድ ከሁሉ ይልቅ አታላይ ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ጥቂት መዘግየት ይገባል። ካርቡሬተር ባላቸው ሞተሮች፣ ለምሳሌ በወለጋ ጎዳናዎች በብዛት በሚታዩት ቦክሰርና ቲቪኤስ በሚባሉት የህንድ ሥራዎች በብዙዎቹ ላይ፣ ከሰልባትዮው ሥር አንዲት ትንሽ መክፈቻ አለች። ሦስት ቦታ ትዞራለች፤ አንደኛው ዝግ፣ ሁለተኛው ክፍት፣ ሦስተኛው ሪዘርቭ የሚባለው መጠባበቂያ ነው። ጠንቃቃ ሰው ማታ ዘግቷት ያድራል፤ ጧት ሲያስነሣ ግን በካርቡሬተሩ ጽዋ ውስጥ ያደረ ጥቂት ቤንዚን ስላለ ሞተሯ ያለ አንዳች ችግር ትነሣለች፣ ከግቢም ትወጣለች፤ ጥቂት መቶ ሜትር ከሄደች በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ዳገቱ መካከል ላይ፣ ታጉረመርምና ጸጥ ትላለች። በመልካም ስለ ተነሣች ማንም መክፈቻዋን አይጠረጥርም። ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ ቤንዚን ሊያልቅ ሲል መክፈቻዋን ወደ ሪዘርቭ ያዞረ ሰው፣ ሰልባትዮውን ከሞላ በኋላ ወደ ቦታዋ መመለሱን ይረሳል። ያን ጊዜ መጠባበቂያው ያለ ማስጠንቀቂያ አብሮ ያልቅና፣ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ሲጓዝ በዴዴሳ ሸለቆ ሙቀት መካከል ባዶ ሰልባትዮ ታቅፎ ይቆማል። ቤንዚን ሲጠፋ በየመንገዱ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውም ውሃ ሊኖርበት ይችላል፤ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከጽዋው ሥር ይዘቅጥና መተላለፊያውን ይይዛል፤ ከካርቡሬተሩ በታች ያለችውን ትንሽ ብሎን አላልቶ ማፍሰስ ያድነዋል።

ስለ ማርሽና ስለ መቆሚያው እግር የሚባለው አጭር ነው። ሞተሯ ፎሌ ላይ መሆኗን አረንጓዴው መብራት ይናገራል፤ ማርሽ ውስጥ ሳለች ፍሪሲዮኑን ሳይዙ መርገጫውን የሚመቱ ሰዎች ሞተሯ ወደ ፊት ዘልላ ከነሸክሟ ልትጥላቸው ትችላለች። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ የጎን መቆሚያው ካልታጠፈ፣ ሞተሯ በፎሌ ተነሥታ ማርሽ በገባ ቅጽበት ትጠፋለች፤ ነጂውም ፍሪሲዮኑን ይወቅሳል። እንዲህ ያለ መከልከያ በሌላቸው ላይ የተረሳው እግር ወደ ግራ ሲታጠፉ መሬት እየነካ ሰው ስለሚጥል፣ ይህን መከልከያ የሠሩትን ሰዎች አመሰግናቸዋለሁ።

የነፋሱ ነገር በነቀምቴ የተለየ ትርጉም አለው። ከ2000 ሜትር በላይ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲደርስ ቤንዚን ያበዛል። በዚህ ላይ ጧት በብርድ ለማስነሣት የአየር መዝጊያውን ስበው መክፈቱን የረሱ ሰዎች፣ ወይም ጨንቋቸው በያንዳንዱ ምት ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው የሚጠመዝዙ ሰዎች ካንዴላውን በቤንዚን ያጠምቁታል፤ ያን ጊዜ፣ በክረምት የረጠበ እንጨት እፍ ቢሉት እንደሚጨስ እንጂ እንደማይነድ፣ ሞተሯም የቤንዚን ሽታ ትሰጣለች እንጂ አትነሣም። መድኃኒቱ ቀላል ቢሆንም ልብን ማረጋጋት ይፈልጋል፤ የቤንዚኑን መክፈቻ ዘግቶ፣ የአየር መዝጊያውን ከፍቶ፣ ቀዩን ማጥፊያ አጥፍቶ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ እንደያዙ ጥቂት ጊዜ መርገጥና ትርፉን ማስወጣት፣ ከዚያም በኋላ የአየር መዝጊያውን እንደ ተከፈተ ትቶ፣ የቤንዚኑን መክፈቻና ቀዩን ማጥፊያ ወደ ቦታቸው መልሶ እንደ ገና መሞከር ነው። ካልሆነም ካንዴላውን ፈትቶ ማድረቅ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሲጋራም ክብሪትም ይራቅ።

ከቀይ አፈሩ የሚመጣ አንድ ችግር አለ፤ ጀማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ የቆዩ ሞተረኞችም ይስቱታል። የሰልባትዮው ክዳን አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ሲደፈን፣ ቤንዚኑ ወደ ታች ሲወርድ በስፍራው የሚተካ አየር ስለማያገኝ መውረዱን ያቆማል። ሞተሯ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳ ትጠፋለች፤ ባለቤቷ ቤንዚን መኖሩን ለማየት ክዳኑን ሲከፍት አየሩ ይገባና ወዲያው ትነሣለች፤ ዘግቶ ሲሄድም ዳግመኛ ትጠፋለች። ይህን የማያውቅ ሰው ሞተሯን ተለዋዋጭ ጠባይ ያላት አድርጎ ለሚቀጥለው ሰው ይሸጣታል፤ የሚያውቅ ሰው ግን ቀዳዳውን በስስ ሽቦ ያጸዳል።

አሁን አሁን በኤሌክትሪክ ፓምፕ ቤንዚን የሚረጩ ካርቡሬተር አልባ ሞተሮች እየገቡ ነው። እነዚህ የአየር መዝጊያም፣ በብዙዎቹ ላይ የሚዞር የቤንዚን መክፈቻም የላቸውም፤ የተራራውን አየር መሳሳትም ራሳቸው ይለኩታል። ቀዩ ማጥፊያና የጎን መቆሚያው ግን አሉ። ባትሪያቸው ፈጽሞ ከሞተ ደግሞ ፓምፑ ስለማይሠራ፣ በነቀምቴ ቁልቁለት ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ በመግፋት ማስነሣት፣ በአሮጌዎቹ ላይ የሚሆነውን ያህል በእነርሱ ላይ አይሆንም፤ ባትሪውን አውጥቶ ማስሞላት ግድ ይላል።