ቡፌ ውስጥ የቆየው ውስኪ ስንት ያወጣል?

ብዙ ሐበሻ ቤት አንድ ያልተከፈተ ውስኪ አይጠፋም። ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ኋላ ይቀመጣል። ለሠርግ የመጣ ይሁን ለክርስትና የሚያስታውስ የለም፤ "የአባባ ናት፣ እንዳትነኳት" እየተባለ ልጅ አድጎበታል። እኔ ምግብ ቤት ስላለኝ እንደ አዋቂ ይቆጥሩኝና በፌስታል ጠቅልለው ያመጡልኛል። ጥያቄው ሁሌም "ስንት ያወጣል?" ነው። ከዚያ በፊት ግን "መቼ ታሸገ?" ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር እንግባባ፤ ውስኪ የሚያረጀው በርሜል ውስጥ እንጂ ጠርሙስ ውስጥ አይደለም። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ዕድሜው እዚያው ቆመ ማለት ነው። 12 ዓመት የሚል ጆኒ ዎከር ብላክ ሌብል 40 ዓመት ቡፌ ውስጥ ቢቀመጥ 52 አይሞላውም፤ ያው 12 ነው። ያውም 12 የሚለው ከተቀላቀሉት ውስኪዎች የትንሹን ዕድሜ ነው። ሰብሳቢዎች ገንዘብ የሚያወጡት ያ ዘመን የቀመመው ቅይጥ ዛሬ ስለማይገኝ ነው።

አሁን ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አምጡት። አሜሪካ የተሸጠ ከሆነ መስታወቱ ራሱ ይናገራል። "ፌደራል ሎው ፎርቢድስ ሴል ኦር ሪዩዝ ኦፍ ዚስ ቦትል" የሚል ጽሑፍ መስታወቱ ላይ ተቀርጾ ካገኛችሁ፣ ያ ጠርሙሱ ዳግም እንዳይሸጥና እንዳይሞላ የሚከለክል ሕግ የነበረበት ዘመን ነው፤ ከ1935 እስከ 1964። ቀጥሎ መጠኑን እዩ። "4/5 ኳርት" የሚል ከሆነ ከ1980 በፊት የታሸገ ነው፤ ከዚያ ወዲህ 750 ሚሊ ሊትር ሆኗል። ክዳኑ ላይ ተሻግሮ የተለጠፈ የቀረጥ ወረቀት ካለ እስከ 1985 ያለው ዘመን ነው። እርጉዝ ሴቶችን የሚያስጠነቅቀው የመንግሥት ጽሑፍ ደግሞ የገባው በኅዳር 1989 ስለሆነ፣ እሱ ካለበት የአባባ ብትሆንም ያን ያህል አሮጌ አይደለችም።

አውሮፓ ያላችሁ 75 ወይስ 70 ሴንቲ ሊትር እንደሚል እዩ። 70 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የ1990ዎቹና ከዚያ ወዲህ ነው። እንግሊዝ የተሸጠ ሆኖ "70 ፕሩፍ" ቢል እንዳትደነግጡ፤ በእነሱ በድሮው አቆጣጠር ያ 40 በመቶ ነው።

ጆኒ ዎከር ላይ ደግሞ የሚራመደውን ሰውዬ ተመልከቱ። ከ1908 ጀምሮ አብሯቸው አለ። ድሮ የሚራመደው ወደ ግራችሁ ነበር፤ 2000 ገደማ ወደ ቀኝ አዞሩት። እኔ በዚህች ብቻ ስንቱን "የደርግ ዘመን ውስኪ" ወደ ትናንትና ዱቲ ፍሪ መልሻለሁ።

በቅርቡ አንድ እህትና ወንድም መጡ። አባታቸው ካረፉ በኋላ ዕቃ ሲካፈሉ በአንዲት ብላክ ሌብል ተኳርፈው ወራት አልፏል። ወንድምየው ኢንተርኔት ላይ ተመሳሳይዋ 3,000 ዶላር ተብላ አይቶ ግማሹን ይላል፤ እህትየው አባቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እሷ ስለሆነች "ገንዘቡ አይደለም" ትላለች። ጠርሙሷን አየናት፤ 4/5 ኳርት፣ 86.8 ፕሩፍ፣ የቀረጥ ወረቀቷ አለ፣ መስታወቱ ላይ የተቀረጸ ክልከላ የለም። እንግዲህ ከ1964 በኋላ፣ ከ1980 በፊት ማለት ነው። አባትየው ተማሪ ሆነው አሜሪካ የገቡበት ዘመን። ግን ውስኪው ከአንገቷ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ደርሷል፤ ተንኖ አልቋል።

ስልኬን አውጥቼ ጨረታ ላይ የተሸጡትን አሳየኋቸው። ልብ በሉ፣ የሚጠየቀውን ሳይሆን የተከፈለውን። ሰው 3,000 ብሎ መለጠፍ መብቱ ነው፤ ገዢ አገኘ ወይ ነው ጥያቄው። ያ ዘመን ብላክ ሌብል በብዛት ስለታሸገ ሙሉና ንጹሕ የሆነችው እንኳ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ዶላር ብዙም አትርቅም። ከዚያም ላይ አጫራቹ የራሱን ይቆርጣል። የጎደለችው ደግሞ ከዚያ በታች። ወንድምየው ዝም አለ። "ታዲያ አንቺው ጋ ትቀመጥ" አላት። እሷም "ለእናታችን ሙት ዓመት እንከፍታታለን" አለች። ያኔ ቡና አስፈላሁላቸው።

ከፍ ያለ ዋጋ የሚያወጡም አሉ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የታሸጉ፣ መለያቸው ያልተቀደደ፣ ውስኪው እስከ አንገት የሞላ። ሮያል ሳሉት ያላችሁ ደግሞ፣ በ1953 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ንግሥ የወጣው ባለ 21 ዓመቱ፣ የሸክላ ስለሆነ ውስጡ አይታይም። የኩሽና ሚዛን ላይ አድርጉት። ባዶው የሚመዝነውን ካገኛችሁ፣ 70 ሴንቲ ሊትር ውስኪ ብቻውን 660 ግራም ገደማ ስለሆነ የጎደለውን ታውቃላችሁ።

በጣም ውድ የተባለ ነገር ለመግዛት ካሰባችሁ ተጠንቀቁ። በ2018 ስኮትላንድ ውስጥ ብርቅ ከተባሉ 55 ጠርሙሶች 21ዱ በካርቦን ምርመራ የተባለላቸውን ዘመን ሳይሆኑ ቀርተዋል።

መሸጥ ከፈለጋችሁ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። አሜሪካ በአብዛኛው ስቴት ያለ ፈቃድ አልኮል መሸጥ ክልክል ነው፤ በፖስታ ቤትም መላክ አይቻልም። ኬንታኪ ከ2018 ጀምሮ ፈቃድ ያላቸው ሱቆች ከግለሰብ አሮጌ ጠርሙስ እንዲገዙ ፈቅዳለች፤ ሌላ ቦታ ፈቃድ ያለው አጫራች ፈልጉ። እኔ ጋ ይዛችሁ ብትመጡ አይላችኋለሁ፣ ግን አልገዛችሁም፤ ፈቃዴን ነው የማጣው።

እስከዚያው ጠርሙሷን አቁማችሁ አስቀምጡ። እንደ ወይን ከተጋደመች አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ፀሐይም አታስነኳት። ለመክፈት ከወሰናችሁ ደግሞ የድሮ ቡሽ እጅ ላይ ይፈርሳልና የቡና ማጣሪያ ወረቀትና ንጹሕ ጠርሙስ አዘጋጁ።